ኮሮላዬ ሞተሪኖው ያዞራል ግን አትነሳም፤ ቤንዚን ፓምፕ ከመግዛቴ በፊት ምን ላረጋግጥ?

የጣናው ልጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ የ1995 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ ሻንሲዋ ኤኢ 101። የምኖረው ባህር ዳር ነው። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ዳገት ላይ ስረግጣት ጉልበት ታጣለች፣ ትንገራገጫለች፣ ሜዳ ላይ ስደርስ ደግሞ ደህና ትሆናለች። ከትናንት ወዲያ ጠዋት ግን ጭራሽ አልነሳም አለች። ባትሪው አዲስ ነው። ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል። ሞተሩ ግን አንድም ጊዜ እንኳ ለመያዝ አይሞክርም።

ሰፈር ያለ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ አዳመጠና "ቤንዚን ፓምፑ ሞቷል፣ ገዝተህ ና" አለኝ። ምንም ነገር አልለካም። ኦሪጅናል የሚባለው ዋጋው ለእኔ ከባድ ነው፣ ርካሹ ደግሞ ቶሎ ይሞታል ይሉኛል። ዩቲዩብ ላይ ያየሁት ሰውዬ ቁልፉን ኦን ላይ አድርገህ ከኋላ ወንበር ሥር "ዝዝዝ" የሚል ድምፅ ስማ፣ ካልሰማህ ፓምፑ አልቋል ይላል። አዳመጥኩ፣ ምንም የለም። ግን እርግጠኛ ሳልሆን ይህን ሁሉ ብር ማውጣት አልፈልግም። ቴስተር አለኝ፣ መጠቀምም እችላለሁ። ራሴ የማረጋግጥበት መንገድ ካለ ንገሩኝ።


ሾፌር ነኝ

ወንድሜ አትድከም፣ ምልክቱ ግልጽ ነው። ዳገት ላይ ጉልበት ካነሳት፣ ከዚያ ካልነሳች ፓምፕ ነው። ሶማሌ ተራ ያለ ዘመድ ካለህ ያገለገለ ይላክልህና አስገጥም፣ በግማሽ ቀን ያልቃል።


ሽቦ ፈታሽ

ቆይ፣ አትግዛ። ሥራዬ የመኪና ኤሌትሪክ ነው፣ አዲስ አበባ። እውነቱን ለመናገር ፓምፕ ተቀይሮላቸው አሁንም አልነሳም ብለው የሚመጡ መኪኖች ብዙ ናቸው፣ የሚያናድደኝም ይሄ ነው፤ ሰው ገንዘቡን ጨርሶ ይመጣና ችግሩ የአንድ ሽቦ ሆኖ ይገኛል። ፓምፕ ሲሞት ይሞታል፣ አልክድም። ግን ሳይለካ ሞተ አይባልም።

መጀመሪያ ያንን የዩቲዩብ ምክር ተወው። ለብዙ መኪና ይሠራል፣ ለአንተ አይሠራም። የዚያን ዘመን ቶዮታዎች ብዙዎቹ ቁልፉ ኦን ላይ ስለሆነ ብቻ ፓምፑን አያስነሱም። ፓምፑ የሚሠራው ሞተሪኖው ሲያዞር ነው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሞተሩ እየዞረ መሆኑን ከዲስትሪቡተሩ፣ ማለትም ለካንዴላዎቹ እሳት ከሚያከፋፍለው ክፍል፣ በሚመጣለት ምልክት ሲያውቅ። ሞተሩ ከቆመ ፓምፑም ይቆማል። ይሄ ለደኅንነት ተብሎ የተሠራ ነው፣ መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ከጠፋ ቤንዚን መርጨቱን እንዳይቀጥል። ስለዚህ ኦን ላይ አዳምጠህ ዝም ቢልህ ያ ጤነኛ መኪናም የሚያደርገው ነው።

ሁለተኛ፣ ሞተርህ የትኛው ነው? በዚያ ቅርጽ የመጡት ኮሮላዎች ሁሉም አንድ አይደሉም። ሊብሬህ ላይ የሞተር ቁጥሩን እይ። 4ኤ ብሎ ከጀመረ ኢንጀክሽን መሆኑ አይቀርም፣ ፓምፑም ታንኩ ውስጥ ነው። 2ኢ ከሆነ ግን ካርቡራተር ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ ፓምፑ ሞተሩ ላይ የተገጠመ፣ ኤሌትሪክ የማይፈልግ ነው። ኮፈኑን ከፍተህም ታውቀዋለህ።

ሦስተኛ፣ ችግሩ ቤንዚን መሆኑን ራሱን እናረጋግጥ። ብዙ ዙር ካዞርካት በኋላ አንድ ካንዴላ ፍታ። ጫፉ ርጥብ ከሆነና ቤንዚን ከሸተተ ነዳጅ እየደረሰ ነው፣ ፓምፑን ተወውና የካንዴላውን እሳት (ብልጭታውን) ፈትሽ። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አይደርስም። ሌላው፣ መኪና ዕቃ የሚሸጡበት የሚገኘውን የማስነሻ ስፕሬይ በአየር ማጣሪያው በኩል ትንሽ ንፋና ሌላ ሰው ስታርት ያድርግ። ለአፍታ ተነስታ ከጠፋች እሳቱ ደህና ነው፣ የጎደለው ቤንዚን ነው። ፊትህን ከላዩ አርቅ። አንዳንዱ ሰው ስፕሬይ ሲያጣ ቤንዚን በሃይላንድ ላስቲክ ይዞ ያፈስሳል፣ ይሄን በፍጹም እንዳታደርግ፣ ሞተሩ መልሶ እሳት ሲተፋ እጅህ ላይ ያለው ላስቲክ ይነዳል።

እነዚህን አድርገህ ተመለስ፣ ከዚያ ወደ ፓምፑ እንሄዳለን።


የጣናው ልጅ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ሞተሩ 4ኤ ነው የሚለው፣ ኢንጀክሽን ነው። ካንዴላው ደረቅ ነው፣ ምንም ሽታ የለውም። ስፕሬይ አገኘሁና ነፋሁ፣ ወዲያው ተነሳች፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ሠርታ ጠፋች። ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ያው ነው። ታንኩ ውስጥ ቤንዚን አለ፣ ጌጁ ከሩብ በላይ ያሳያል።


ሾፌር ነኝ

ያው ነው ያልኩህ፣ ፓምፕ ነው።


ሽቦ ፈታሽ

ቤንዚን አለመድረሱን አረጋግጠናል፣ ፓምፑ መሞቱን ገና አላረጋገጥንም። በታንኩና በኢንጀክተሩ መካከል ብዙ ነገር አለ፦ ፊውዝ፣ ሁለት ሪሌ (በኤሌትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ)፣ ረጅም ሽቦ፣ የታንኩ ሶኬት፣ ማሳው (ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኘው ኔጋቲቭ)፣ ፓምፑ፣ ከፓምፑ ሥር ያለው ወንፊት፣ ፊልትሮው።

ቶዮታ ለዚህ ጥሩ ነገር አስቀምጦልሃል። ኮፈኑን ክፈት። ሞተር ክፍሉ ውስጥ ክዳኑ ላይ ዲያግኖሲስ የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ሳጥን አለ። ክዳኑን ስታነሳ በውስጥ በኩል የእያንዳንዱ ቀዳዳ ስም ተጽፏል። ከነሱ መካከል ኤፍፒ እና +ቢ የሚሉትን ፈልግ። ቁልፉን አጥፋ፣ ሁለቱን በአጭር ሽቦ አገናኝ፣ ከዚያ ቁልፉን ኦን አድርግ፣ ስታርት አታድርግ። አሁን ፓምፑ ያለማቋረጥ መሥራት አለበት። ሌላ ሰው የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያዳምጥ፣ አንተ ከፊልትሮው ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ቆንጠጥ አድርገህ ያዝ። ሲጠጥርና ግፊት ሲሰማህ ማወቅ ትችላለህ። ቀዳዳዎቹን ሁለቴ አንብብ፣ የተሳሳተ ቦታ ካገናኘህ ፊውዝ ልታቃጥል ትችላለህ።

ያው ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉም አሉ። እነሱን አገናኝተህ ቁልፉን ኦን ስታደርግ የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ኮድ ይነግርሃል። 12 ወይም 13 ከሰጠህ ከዲስትሪቡተሩ የሚመጣው የዙር ምልክት ላይ ችግር አለ ማለት ነው፣ ያኔ ኮምፒውተሩ ፓምፑ እንዲሠራ አያዝም። ይሄን ማንበብ ምንም ዋጋ አያስከፍልም፣ ማሽንም አይፈልግም።

ውጤቱን እንዲህ አንብበው። በሽቦው ስታገናኘው ፓምፑ በደንብ ሠርቶ ቱቦው ከጠጠረ፣ ፓምፑም ሽቦውም ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ ለፓምፑ ኤሌትሪክ የሚለቀው ሰርኪዩት ኦፕኒንግ የሚባለው ሪሌ ወይም እሱን የሚያዘው መስመር ላይ ነው። ስታርት ስታደርግ ተነስታ ቁልፉን ስትለቅ የምትጠፋ መኪናም ብዙ ጊዜ ችግሯ እዚያው ነው፣ ምክንያቱም ስታርት ላይ ሪሌው የሚታዘዘው ከሞተሪኖው መስመር ነው፣ ከዚያ በኋላ ከኮምፒውተሩ። ስታገናኘው ጭራሽ ዝም ካለ፣ +ቢ ላይ 12 ቮልት መኖሩን ለካ። ከሌለ ኢኤፍአይ የሚለውን ፊውዝና ሪሌ እይ። ቮልቱ እያለ ዝም ካለ ወደ ኋላ እንሄዳለን።


ዲኤክስ አፍቃሪ

የኢንጀክሽኑን ነገር ለባለሙያው ልተወው፣ ግን ይሄን የሚያነብ የድሮ ዲኤክስ ወይም ላዳ ያለው ሰው ስለሚኖር ጥቂት ልጨምር። የእኛ ፓምፕ ሞተሩ ጎን ላይ ነው፣ ሞተሩ ራሱ ሲዞር እየገፋው የሚሠራ። ውስጡ ያለው ላስቲክ ሲቀደድ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ወይ ቤንዚን አይስብም፣ ወይ ቤንዚኑን ወደ ሞተር ዘይቱ ያወርደዋል። ሁለተኛው አደገኛ ነው። የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱት። ቤንዚን ከሸተተ ወይም ዘይቱ ሳትጨምሩበት ከፍ ካለ ሞተሩን አታስነሱ። በቤንዚን የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታ ያስበላል።

ፓምፑን ለመሞከር ወደ ካርቡራተር የሚሄደውን ቱቦ ነቅላችሁ ጠርሙስ ውስጥ አስገቡት፣ የቦቢናውን ሽቦ ነቅላችሁ ሌላ ሰው ስታርት ያድርግ። በየዙሩ ጠንከር ብሎ ካልተፋ ፓምፑ ወይም ከታንክ የሚመጣው መስመር ነው። ከመስመሩ ለመለየት የመሳቢያውን ቱቦ ንጹሕ ቤንዚን ያለበት ዕቃ ውስጥ ከትቶ መሞከር ይበቃል። ከዚያ ከሳበ ፓምፑ ጤነኛ ነው፣ ታንኩ ወይም ቱቦው ነው የተዘጋው።

ሌላው ሙቀት ነው። ዓባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የተሻገረ የድሮ መኪና ባለቤት ያውቀዋል። ወርዳችሁ ስትጨርሱ ዳገቱን ስትጀምሩ ሞተር ክፍሉ ይግላል፣ ቤንዚኑ ፓምፑ ውስጥ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። ይሄ ፓምፕ እንፋሎት አይገፋም። መኪናው ይቆማል፣ ሰው ፓምፑ ተበላሸ ብሎ ይፈታል። ጥላ ፈልጋችሁ ቁሙ፣ ኮፈኑን ክፈቱ፣ ፓምፑና ቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ። ሲቀዘቅዝ ይነሳል። እኔ ረጅም መንገድ ስሄድ ጨርቅና ውኃ ሳልይዝ አልወጣም።


የጣናው ልጅ

ጋሼ ስለ ዲኤክሱ እናመሰግናለን፣ አባቴም ዲኤክስ ነበረው፣ ያንን እርጥብ ጨርቅ አስታውሳለሁ።

ሽቦ ፈታሽ፣ ያልከኝን አደረግኩ። የሞተር መብራቱ ምንም ኮድ አልሰጠም፣ እኩል እኩል ብልጭ ይላል። ኤፍፒ እና +ቢ አገናኘሁ። ወንድሜ የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ "ይሰማል፣ ግን በጣም ደካማ ነው" አለ። እኔም ገብቼ ሰማሁት፣ እንደ ደከመ ትንኝ ነው የሚል። ቱቦው አይጠጥርም፣ በጣቴ በቀላሉ ይጨመቃል። እንግዲህ ፓምፑ ደክሟል ማለት ነው?


ሾፌር ነኝ

አሁንስ ምን ቀረ? ኃይሉን ጨርሷል ማለት ነው እኮ።


ሽቦ ፈታሽ

ገና አንድ መለኪያ ቀርቷል፣ እሱ ነው ዋናው። ፓምፕ ሞተር ነው፣ 12 ቮልት ሲያገኝ አንድ ዓይነት ነው፣ 7 ቮልት ሲያገኝ ደግሞ ሞተ የምትለው ዓይነት ይሆናል። ደካማ ድምፅ ሰማህ ማለት ፓምፑ ይዞራል። አሁን ጥያቄው የሚደርሰው ቮልት ስንት ነው የሚለው ነው።

የኋላ ወንበሩን መቀመጫ አንሳው። ሥሩ በቪስ የተያዘ ክዳን አለ፣ ከሥሩ የታንኩ ሶኬት ይገኛል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሠራውን ስህተት አትሥራ፦ ሶኬቱን ነቅለህ አትለካ። ሶኬቱ ተነቅሎ ስትለካ ቴስተሩ ምንም ጭነት ስለማይሰጠው በአንድ ክር የቀረ የተበላ ሽቦም 12 ቮልት ያሳይሃል፣ አንተም ሽቦው ደህና ነው ብለህ ፓምፕ ትገዛለህ። ሶኬቱን እንደተሰካ ተወው፣ የቴስተሩን ጫፍ ከኋላው በኩል በሽቦው ዳር አስገባና ፓምፑ እየሠራ ለካ። ሁለት ጊዜ ለካ። አንዴ በፓምፑ ፖዘቲቭና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል፣ ለዚህ ረዘም ያለ ሽቦ ያስፈልግሃል። አንዴ ደግሞ በፓምፑ ኔጋቲቭና በመኪናው ንጹሕ ብረት መካከል። የመጀመሪያው ከባትሪው ቮልት ከ1 ቮልት በላይ መቀነስ የለበትም። ሁለተኛው ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት፣ ካልሆነ ማሳው ነው።

ታንኩ አካባቢ ስለሆንክ ግቢ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ ሥራው። መስኮትና በሩን ክፈት። የሚያጨስ ሰው አይጠጋ። ክዳኑን ከፍተህ የቤንዚን ሽታ ከበረታ ወይም ርጥበት ካየህ ምንም ሽቦ አታገናኝ፣ መጀመሪያ የሚፈስበትን ፈልግ። አንዳንዱ መካኒክ ከባትሪ ሽቦ ጎትቶ ታንኩ ላይ በቀጥታ እያስነካ ይሞክራል፣ ብልጭታው የሚወጣው ቤንዚን ተን ላይ ነው። ይሄን ማንም ሲያደርግ ካየህ አስቁመው።


ሰላም የቪትሷ

ይቅርታ መሀል ስለገባሁ። እኔ የ2001 ቪትስ ነው ያለኝ፣ ዲያግኖሲስ የሚለውን ሳጥን አላገኘሁም። የእኔም አንዳንዴ ጠዋት ብዙ ካዞርኩት በኋላ ነው የሚነሳው። አንዴ ከተነሳ ግን ቀኑን ሙሉ ደህና ነው። ቤንዚን ሰልፍ ስለሚያስመርረኝ መብራቱ እስኪበራ ድረስ ነው የምነዳው፣ እሱ ይሆን?


ሽቦ ፈታሽ

ሰላም እህቴ። የአንቺ ትንሽ ይለያል። ቪትስ ላይ ፊልትሮውም ከፓምፑ ጋር ታንኩ ውስጥ ነው ያለው፣ ስለዚህ ከላይ የተባለው የፊልትሮና የቱቦ ፍተሻ እንዳለ አይሠራልሽም። ጠዋት ብቻ ብዙ ማዞር የሚፈልግ መኪና ብዙ ጊዜ ሌሊቱን ግፊቱን አይይዝም፣ ፓምፑ ላይ ያለው ማስቀሪያ ቫልቭ ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ይሆናል። ግምቴን ለማረጋገጥ ጋራዥ ወስደሽ ግፊቱን በጌጅ አስለኪው።

ስለ ሰልፉ የምትዪው ይገባኛል፣ ሁላችንም ተማረናል። ግን መብራቱ እስኪበራ መንዳት ፓምፑን ይጎዳል። ፓምፑ የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በዙሪያው ባለው ቤንዚን ነው። ታንኩ ባዶ ሲሆን ይግላል፣ ከታች የተቀመጠውን ቆሻሻና ውኃም ይስባል። በተለይ በጀሪካን የሚሸጠውን ከቀዳሽ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ሩብ ላይ ስትደርሺ ሙዪ።


የጣናው ልጅ

ለካሁ! ባትሪው 12.4። ኤፍፒ ቀዳዳው ላይም 12.3። ፓምፑ ጋ፣ ሶኬቱ እንደተሰካ፣ 7.2 ብቻ! በኔጋቲቩ በኩል 0.1 ነው። ሶኬቱን ነቅዬ ስለካ ደግሞ 12.3 አሳየኝ፣ ልክ እንዳልከው። አምስት ቮልት የት ገባ?


ሽቦ ፈታሽ

አየህ! ፓምፕ ገዝተህ ብታስገጥም ኖሮ አዲሱም 7 ቮልት አግኝቶ ያው ድምፅ ያወጣ ነበር። ማሳው ደህና ነው። ኤፍፒ ድረስም ደህና ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ከኤፍፒ ወደ ታንኩ በሚሄደው ሽቦ መንገድ ላይ ነው። ዳገት ላይ ጉልበት ያጣችውም በዚሁ ነው፣ ብዙ ቤንዚን ስትፈልግ ግፊቱ ይወርዳል። ስታርት ስታደርግ ደግሞ ሞተሪኖው የባትሪውን ቮልት ስለሚያወርደው ፓምፑ ከ7 በታች ነው የሚያገኘው፣ ስለዚህ ጭራሽ አትነሳም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። መኪናዋ ላይ አላርም ወይም ስውር ማጥፊያ ተገጥሞ ያውቃል? አንተ ባታስገጥም እንኳ የቀድሞው ባለቤት? እዚህ አገር ሌባ እንዳይወስዳት ብለው የፓምፑን ሽቦ ቆርጠው ማጥፊያ ያስገባሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አሠራሩ ግን ብዙ ጊዜ ሽቦውን ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ብቻ ነው። ውሎ አድሮ መጋጠሚያው ይዝጋል፣ ይግላል። ከመሪው ሥር ጀምረህ በሾፌሩ በር በኩል ምንጣፉን እያነሳህ ሽቦውን ተከተል። ያበጠ ናስትሮ፣ ቀለሙ የማይመሳሰል ሽቦ ወይም ትንሽ ጥቁር ሪሌ ካየህ እዚያ ቁም።


ዲኤክስ አፍቃሪ

ዝናብ ሲዘንብ ውኃ የሚገባበት ከሆነ የበሩን መርገጫ ሥር ደህና አድርገህ እይ። ምንጣፉ ሥር ያለ ውኃ ሽቦውን አብዝቶ ይበላል።


የጣናው ልጅ

አገኘሁት። የሾፌሩ በር መርገጫ ሥር፣ ምንጣፉ ርጥብ ነበር። ከኔ በፊት የነበረው ሰው አላርም አስገጥሞ ኖሯል፣ ሳይረኑ ከተነቀለ ቆይቷል፣ ሪሌው ግን ቀርቷል። ሽቦው ተጠምዝዞ ናስትሮ ተጠቅልሎበታል። ስፈታው አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፣ የቀሩት ክሮች ጥቂት ናቸው፣ ላስቲኩም ቀልጧል። ሪሌውን አውጥቼ ሁለቱን ጫፍ ለጊዜው አገናኝቼ ለካሁ፣ ፓምፑ ጋ 12.0 ሆነ። ድምፁ ተለወጠ፣ ቱቦው እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ስታርት አደረግኩ፣ ወዲያው ተነሳች። እናቴ ከቤት ወጥታ እልል አለች።

አሁን ሁለት ጥያቄ አለኝ። ሽቦውን ለዘለቄታው እንዴት ልሥራው? ፓምፑስ በትንሽ ቮልት ሲሠራ ቆይቶ ተጎድቶ ይሆን፣ ልቀይረው ወይስ ልተወው?


ሾፌር ነኝ

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ሽቦ ፈታሽ፣ ከልቤ ነው የማመሰግንህ፣ እኔም የምነዳው አሮጌ መኪና ነው፣ ይሄን የሶኬት ነገር ይዤዋለሁ።


ሽቦ ፈታሽ

እንኳን ደስ አለህ፣ ለእናትህም።

ሽቦውን በተመለከተ፣ የተበላውን ክፍል ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ድረስ ከሁለቱም በኩል ቁረጠው። ውፍረቱ ከፋብሪካው የማያንስ የመኪና ሽቦ በመሀሉ አስገባ፣ የቤት ኤሌትሪክ ሽቦ አይሁን። መጋጠሚያውን በካውያ ሊድ አድርገው፣ ከዚያ በሙቀት የሚጠብቀውን ላስቲክ አልብሰው። ናስትሮ ብቻ አይበቃም፣ ርጥበት ያስገባል። ከመጀመርህ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል። የመጋጠሚያው ቦታ ከመርገጫው በላይ ከፍ ብሎ ቢታሰር ጥሩ ነው። ውኃው የሚገባበትን የበር ጎማ ወይም ቀዳዳም ፈልግ፣ አለዚያ ከክረምት በኋላ እንደገና እንገናኛለን። ማጥፊያ ከፈለግክ ለብቻው በደንብ ይሠራልሃል፣ ግን ጥራት ያለው ሪሌና ፊውዝ ይኑረው።

ፓምፑን አሁን አትቀይረው፣ አስለካው። ጌጅ ያለው ጋራዥ ፈልግ። የዚህ ሞተር ግፊት የሬጉሌተሩ (የግፊት መቆጣጠሪያው) የቫክዩም ቱቦ ተነቅሎ ከ38 እስከ 44 ፒኤስአይ ነው መሆን ያለበት። እዚያ ውስጥ ከሆነ ፓምፑ ጤነኛ ነው። ጌጁ ሲገጠም መስመሩ ውስጥ የታመቀ ግፊት ስላለ መጀመሪያ ያውርዱት፣ ዝም ብለው ቢፈቱት ዓይን ላይ ይረጫል። ግፊቱ ዝቅ ካለ መጀመሪያ ፊልትሮውን ቀይር፣ ከፓምፑ በጣም ርካሽ ነው፣ አንተ ጋ ደግሞ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ስለሆነ ለመቀየር ቀላል ነው። መቼ እንደተቀየረ ካላወቅክ ግፊቱ ደህና ቢሆንም ቀይረው።

ፊልትሮ ተቀይሮም ካነሰ ያኔ ፓምፑ ይወጣል። ሲወጣ ከሥሩ ያለውን ወንፊት እዩት። ዝገትና ጭቃ ከለበሰ ታንኩም መታጠብ አለበት፣ አለዚያ አዲሱ ፓምፕም ያንኑ ይስባል። ፓምፕ መግዛት የግድ ከሆነ ደግሞ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ ቁመቱን፣ የመውጫውን ውፍረትና የሶኬቱን ዓይነት አመሳስል። ያገለገለ ከገዛህ እዚያው ሱቁ ላይ ድምፁን ብቻ ሰምተህ አትመን፣ ደረቁን የሚዞር ፓምፕ ሁሉ ይጮሃል። ወንፊቱንና የክዳኑን ማሸጊያ ላስቲክ ግን አዲስ አድርግ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ እነዚህን አሮጌ መኪኖች ረጅም ጊዜ ነው የምንይዛቸው፣ ስለዚህ ዕቃ ስትገዛ ለነገ እያሰብክ ግዛ።

ጌጁን ስታስለካ ቁጥሩን እዚህ ጻፍልኝ።


የጣናው ልጅ

እሺ ወንድሜ፣ ሽቦውን ዛሬ ማታ እሠራዋለሁ። ፊልትሮውን አዝዣለሁ። ጌጅ ያለው ጋራዥ ቀበሌ 14 አካባቢ አለ ብለውኛል፣ ቅዳሜ እወስዳታለሁና ቁጥሩን እጽፋለሁ።